ግድግዳ ደም የለውም

«ሲስተር፣ ደም የሚያጠራ ነገር አለሽ?» ወናጎ ላይ፣ ከዲላ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አስፋልት ዳር ባለችው መድኃኒት መደብሬ፣ ቆዳው የታመመ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀኝ ይህንን ነው። ጭርትም ይሁን እከክ፣ ችፌም ይሁን ብጉንጅ፣ ቆዳውን ሳያሳየኝ ደሙን ይከስሳል። በገበያ ቀን ድምፅ ማጉያ ይዞ የሚመጣው ነጋዴም የሚሸጠው በዚሁ እምነት ነው። በሃይላንድ ጠርሙስ የተሞላ ጠቆር ያለ ፈሳሽ ይዟል፤ የተለጠፈበት ወረቀት ደም ያጠራል፣ ኩላሊት ያጥባል፣ ለጨጓራና ለወገብም ፍቱን ነው ይላል። ምን እንደተቀመመበትና ማን እንዳዘጋጀው ግን አይናገርም።

ከቅጠልና ከሥር ጋር ጠብ የለኝም። ኮሶ የኮሶ ትልን ያስወጣል። ዶክተር አክሊሉ ለማም እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ስላዩ ነው እንዶድ ቢልሃርዝያ አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ለዓለም ያሳወቁት። እኔን የሚያሳስበኝ ጠርሙሱ ስለ ታማሚው የሚናገረው ነገር ነው። በእኛ አገር ደም ዘር ነው፤ ደም ሕይወት ነው፤ ለአማኝ ደግሞ ደም የስርየት ነገር ነው። ደምህ ቆሽሿል የተባለ ሰው የተነገረው የበሽታውን ስም ብቻ አይደለም፤ በማንነቱ ላይ ተፈርዶበታል። ስለዚህ ጥያቄውን እንደ ነርስ ብቻ ሳይሆን እንደ ክርስቲያንም ልመልሰው እፈልጋለሁ፦ የሰው ቆዳ ስለ ውስጡ ንጽሕና ይመሰክራልን?

አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጣች። ሌሊት ሌሊት ሲያክ ያድራል። ጠርሙሱን አጠጥታዋለች፤ ለውጥ የለም። ልጁ እጆቹን ከኋላው ደብቆ ቆሟል። እናቲቱ ጠጋ ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ከአባቱ ወገን የመጣ ይሆን እንዴ?» አለችኝ። ልጁን ወደ በሩ ብርሃን ወስጄ ጣቶቹን ገለጥ ገለጥ አደረግኋቸው። በመካከለኛውና በቀለበት ጣቱ መሃል፣ በእርሳስ የተጫረች የምትመስል አጭር ጠማማ መስመር አለች፤ ጫፏ ላይ ደግሞ ትንሽ ነጥብ። መስመሯ እንስቷ የእከክ ተባይ ቆዳውን ቆፍራ እንቁላሏን የጣለችበት መንገድ ናት። ተባይዋ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አትሞላም። አብሮ በመተኛትና በመነካካት ትተላለፋለች፤ የማንንም ዘር አትጠይቅም። በ2010 ዓ.ም. ከምዕራብ ጉጂ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን በየትምህርት ቤቱና በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተጨናንቀው ሲያድሩ ማሳከኩ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ የተዳረሰው የሁሉም ደም በአንድ ክረምት ስለቆሸሸ አልነበረም። ቦታው ጠቧቸው፣ ውሃና ሳሙና አጥተው ነበር።

ይህ ትናንት የታወቀ ነገር አይደለም። ጣሊያናዊው ሐኪም ቦኖሞ እ.ኤ.አ. በ1687 ተባይዋን በማይክሮስኮፕ አይቶ ከነሥዕሏ አሳትሟል። ሐኪሞቹ ግን እከክ ከተበላሸ የሰውነት ፈሳሽ ይመነጫል የሚለውን የጥንት ትምህርት ለመተው አልፈለጉም። እ.ኤ.አ. በ1834 ሬኑቺ የተባለ የኮርሲካ ተወላጅ ተማሪ፣ ፓሪስ በሚገኘው ሴንት ሉዊ ሆስፒታል፣ ተባይዋን በመርፌ ጫፍ አውጥቶ አሳያቸው። ዘዴውን ያየው በአገሩ ድሆች ሴቶች እጅ ነበር። ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ። ሊቃውንቱ ውስጥ ውስጡን ሲያስሱ 150 ዓመት ገደማ አለፈ፤ ሴቶቹ የልጆቻቸውን ቆዳ ቀረብ ብለው ስላዩ ያውቁ ነበር።

ጠርሙሱ ገበያ የሚያገኝበትን ምክንያት ደግሞ በየጊዜው አየዋለሁ። የእከኩ ቅባት ተባይዋን ከገደለ በኋላም ሰውነት በቆዳው ውስጥ ለቀረው ቅሪት ስለሚቆጣ ማሳከኩ ሁለት ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ታማሚው በዚህ መሃል «የፋርማሲው አልሠራልኝም፣ ነገሩ ከደሜ ነው» ብሎ ጠርሙስ ይገዛል። ጠርሙሱ ሲያልቅ ማሳከኩም በራሱ ጊዜ ይለቀዋል፤ ምስጋናው ለጠርሙሱ ይሆናል። አሜሪካ ውስጥም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሳርሳፓሪላ የተባለ ሥር ያለበት ደም አጥሪ በየጋዜጣው እየተዋወቀ ይሸጥ ነበር። ሻጮቹ የቀላቀሉበትን አልኮል በወረቀቱ ላይ እንዲጽፉ የተገደዱት እ.ኤ.አ. በ1906 በወጣ ሕግ ነው።

ወደ መጽሐፉ ልምጣ። ስለ ለምጽ የሚናገሩትን ዘሌዋውያን 13 እና 14ን ብዙ ሰው የሚያነበው እንደ ፍርድ ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ የካህኑ ሥራ ነው። ጠጉሩ ነጥቷል ወይ፣ ቁስሉ ከቆዳው ጠልቋል ወይ ብሎ ያያል። ካልተረጋገጠለት ሰውየውን ሰባት ቀን ለብቻው አቆይቶ መልሶ ያያል። ስለ ኃጢአቱ አይጠይቀውም፤ የሚጠጣም አያዝዝለትም። ያው ለምጽ ደግሞ በሱፍ ልብስ፣ በቁርበት ዕቃ፣ በቤት ግድግዳም ይወጣል፤ አረንጓዴ ወይም ቀላ ያለ ሆኖ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ነው። የተበከለው ድንጋይ ይወጣል፣ ግድግዳው ይፋቃል፣ እንደገና ይለሰናል። ግድግዳ ደም የለውም። ግድግዳ አልበደለም፤ የሚወቀስበት ዘርም የለውም። ሕጉ ለሰውም ለግድግዳም አንድ ስም ከሰጠ፣ ለምጽ የቆሸሸ ደም ምልክት ነው የሚለውን ከዚህ መጽሐፍ ማውጣት አይቻልም። እንዲያውም በምዕራፍ 14 ካህኑ የዳነውን ሰው ሲያነጻ በቀኝ ጆሮው ጫፍ፣ በእጁና በእግሩ አውራ ጣት ላይ የሚያደርግለት ደም ነው። በዚያ ሥርዓት ደም የሚያነጻ ነው፤ ደም ራሱ ሲነጻ የትም አላነበብኩም።

ይህን በመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ላይ ስናገር አንድ ሽማግሌ «ግያዝስ?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ትክክል ነው። ግያዝ በስስቱ፣ ማርያም በሙሴ ላይ በመናገሯ፣ ንጉሥ ዖዝያን በትዕቢቱ ለምጽ ወጥቶባቸዋል፤ ይህን ሸፋፍኜ ማለፍ አልፈልግም። ነገር ግን በሦስቱም ታሪክ በደሉ አስቀድሞ በግልጽ ተነግሯል፤ ለምጹ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከቁስል ተነሥተው ወደ በደል የሄዱት የኢዮብ ወዳጆች ናቸው፤ እግዚአብሔርም ተቆጣቸው። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው የበደለው እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ብለው ሲጠይቁም ጌታ ሁለቱንም አልተቀበለም።

መድኃኒት ቀብቶ መጸለይ እምነት ማነስ ነው ለሚሉኝ፣ ጎረቤቴ ያሉት ቄስ መጽሐፈ ሲራክ 38ን ያነቡላቸዋል፤ መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር ነው፣ አስተዋይ ሰው አይንቀውም የሚለውን። በእኛ በመካነ ኢየሱሶች 66 መጻሕፍት ውስጥ ሲራክ የለም። የንጉሥ ሕዝቅያስ ታሪክ ግን በሁለታችንም ዘንድ አለ፤ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ ሲያዝዝለት እንዲያደርጉለት የነገራቸው በቁስሉ ላይ ነው።

ቆዳ የውስጥ በሽታን የሚያሳይበት ጊዜም አለ፤ ይህን መደበቅ ሰውን መጉዳት ነው። የኩላሊት ድካም ያሳክካል፣ የጉበት በሽታ ያሳክካል፣ ስኳር ያለበት ሰው ብጉንጅ ይደጋግመዋል፣ ኤችአይቪም በቆዳ ላይ ሊታይ ይችላል። ጤነኛ ኩላሊት በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም እያጣራ አብዛኛውን መልሶ ያስገባል። ይህ ሥራ በደከመበት ሰው ላይ ስሙ የማይታወቅ ሥር ቀቅሎ ማጠጣት ሸክም መጨመር ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ወደ ዲላ ሆስፒታል ላቦራቶሪ እልከዋለሁ።

ከሁሉ በላይ የሚያመኝ የዝሆኔ እግር ነገር ነው። እንደ ወላይታ ባለ ቀይ አፈር አገር በባዶ እግር ለዓመታት የሚሄድ ሰው፣ ከአፈሩ የሚገቡ ደቃቅ ቅንጣቶች እግሩን ያሳብጡታል። በሽታው በቤተሰብ ውስጥ ስለሚደጋገም ልጆቹ ለጋብቻ ይከለከላሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 ዶክተር ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት በእርግጥ የተጋላጭነት ውርስ እንዳለ አሳይቷል። ነገር ግን ተጋላጭ ሆኖ የተወለደው ልጅ ከትንሽነቱ ጫማ ካደረገና እግሩን በሳሙና ከታጠበ ላይታመም ይችላል። በዘር የመጣ ነገር እንኳ ፍርድ አልሆነም።

ከቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ኅብረት ጋር ተስማምተናል። ከቡናው ለቀማ በኋላ በሚደረገው ስብሰባ ዘሌዋውያን 13ን እናነባለን፤ በዚያው ሰዓት የሰልፈር ቅባት ከአንገት እስከ እግር ጣት እንዴት እንደሚቀባ፣ የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ሌሊት መቀባት እንዳለበት፣ ልብስና አንሶላው በፈላ ውሃ እንደሚታጠብ አሳያለሁ። ቄሱም ከምእመናኖቻቸው ጋር እንደሚመጡ ነግረውኛል።