ታሪክን መሸምደድ ነውር ነውን?

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በተቃረበ ቁጥር በአያት ኮንዶሚኒየሞች ደረጃ ላይ አንድ ዓይነት ድምፅ ይሰማል። ከአራተኛ ፎቅ እስከ ምድር ቤት ወረቀት ይዞ የሚወጣ የሚወርድ ተማሪ ነው። ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን አለ፣ ታናናሾች አሉ፣ እንግዳ አለ፤ ስለዚህ ደረጃው ላይብረሪ ይሆናል። ጠጋ ብሎ ያዳመጠ ሰው ጸሎት ሊመስለው ይችላል፤ ዳሩ ግን የሚደገመው ዳዊት ሳይሆን ዓመተ ምሕረት ነው፦ 1855፣ 1889፣ 1896፣ 1935፣ 1974። እኛም በዚሁ ደረጃ ወጥተን ወርደን ነው ካምፓስ የገባነው።

ይህን ሥራ ሽምደዳ እንለዋለን። ቃሉ የስድብ ያህል ነው። «እሱ እኮ ሸምዳጅ ነው» ከተባለ ልጁ አልገባውም ማለት ነው። ውድ አንባቢያን፣ እዚህ ልናነሳው የፈለግነው ጥያቄ ግን ከዚህ ጠለቅ ይላል። የሞቱ ሰዎችን ሥራና መከራ ለነጥብ ብሎ ማጥናት ትክክል ነውን? የማያምኑበትን መልስ ማጥቆርስ ውሸት ይባላልን?

በመጀመሪያ ለሽምደዳ ጥብቅና እንቁም። በቃል መያዝን መናቅ ከአገራችን የትምህርት ባህል ጋር አይሄድም። በቤተ ክህነቱ ትምህርት ቤት ልጁ ዳዊቱን በቃሉ ይይዛል፣ ዜማውን በቃሉ ይይዛል፤ ዓመታት ይፈጅበታል። በቁርአን ቤትም እንደዚሁ ነው። የቅኔ ተማሪ የግሱን ርባታ በቃሉ ሲያጠና ማንም «ሸመደደ» ብሎ አያላግጥበትም። ለምን? በቃሉ የያዘው ነገር መሣሪያው ስለሆነ ነዋ! ተማሪው ጥግ ይዞ የራሱን አዲስ ቅኔ ይቆጥራል፤ ቆጥሮም ለየኔታ ይነግራል። የየኔታን ቅኔ መልሶ ለየኔታ ቢነግራቸው መሳቂያ ነው የሚሆነው። ስለሆነም ጉድለቱን ከማስታወሱ ላይ አንፈልገው። ጉድለቱ ከዚያ በኋላ ቅኔ የሚጠይቅ አለመኖሩ ነው። የታሪክ ፈተናችን የግሱን ርባታ ጠይቆ፣ አራት ምርጫ ሰጥቶ፣ እዚያው ላይ ያበቃል። በእርሳስ ይጠቆር በኮምፒውተር ይጫን ለውጥ የለውም።

አሁን ወደ ተጨባጩ ነገር እንግባ። የሁለተኛ ደረጃው የታሪክ መጽሐፍ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ዘመኑም የሚቆጠረው በአውሮፓውያን ነው። ተማሪው አድዋን 1896 ብሎ ይይዛል፤ ቤት ሲገባ ግን አድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ነው። ይህኛውን እንኳ በዓሉ ስለሚያስታውሰው ይለየዋል። የ1974ን ነገር ተመልከቱ እስቲ። በመጽሐፉ አንድ ቁጥር፣ አንድ ምርጫ ነው። በአያቱ አንደበት ግን «የስድሳ ስድስቱ አብዮት» ነው (በሰፈራችን ስም መቀለዳችን አይደለም)። በየካቲት 1966 ቤንዚን ተወዶ ባለታክሲዎች አደሙ፣ መምህራን አደሙ፤ ንጉሡ ከዙፋን የወረዱት ደግሞ መስከረም 2 ቀን 1967 ነው። በመካከሉ አዲስ ዓመት ገብቷል። በሁሉም ላይ ስምንት የሚደምር ልጅ መስከረምን 1975 ያደርጋታል፤ በሁሉም ላይ ሰባት የሚደምር የካቲትን 1973 ያደርጋታል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሰባት፣ ከዚያ ወዲህ ስምንት መሆኑን ማወቅ የሒሳብ ጉዳይ ይመስላል። እኛ ግን የታሪክ ትምህርት ከዚህች ድምር ይጀምራል እንላለን። ምክንያቱም ድምሩን ያልሠራ ልጅ፣ ደረጃው ላይ የሚደግመው 1974 እና አያቱ ታክሲ አጥተው በእግራቸው የሄዱበት ዓመት አንድ መሆኑን አያውቅም። ምስክሩ ሳሎን ቁጭ ብለው ቡና ይጠጣሉ፤ ልጁ ውጭ የምስክሩን ቃል ከባዕድ ቋንቋ ይሸመድዳል።

የውጫሌም ነገር ከዚህ አይሻልም። ውሉ የተፈረመው በሚያዝያ 1881 ነው። በአማርኛው አንቀጽ 17 ምኒልክ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል፤ የኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። ምኒልክ በ1885 ውሉን ሻሩ፣ ነገሩም እየከረረ ሄዶ አድዋ ደረሰ። እንግዲህ የአንድ ግስ ትርጉም ያስነሳውን ጠብ የእኛ ተማሪ የሚያጠናው የአማርኛውን ግስ ሳያይ ነው። «አንቀጽ ስንት?» ቢሉት አሥራ ሰባት ይላል። «ምን ይላል?» ቢሉት ግን በእንግሊዝኛ የያዘውን ይደግማል። ከዚህ የበለጠ ቅራኔ ከየት ይመጣል?

ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከ100 ዓመት በፊት «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው ጽሑፉ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን ወቅሶታል። አፈወርቅ ምኒልክን ሲያሞግስ ዮሐንስን አለመጠን ያዋርዳል ብሎ ነው። በዚያው ላይ ታሪክ ጸሐፊ ሊኖሩት የሚገባ ሦስት ነገሮችን ያነሳል፤ ያለፈውን የሚያስተውል አእምሮ፣ ሳያዳላ የሚፈርድ ልብ፣ አጥርቶ የሚገልጽ ቋንቋ። ሦስቱንም በፈተና ወረቀታችን ላይ ፈልገን አጣናቸው። የሚፈተነው አራተኛው ነገር ነው፤ ገብረ ሕይወት ሳይጠቅሰው ያለፈው፣ የማስታወስ ችሎታ።

እዚህ ላይ አንድ የዶርም ጓደኛችን ያቋርጠናል። «እናንተ ካምፓስ ገብታችሁ ነው ይሄን የምታወሩት። መጀመሪያ ይለፍ፣ ከዚያ ያስባል» ይላል። ይህን መከራከሪያ አንንቀውም። በጥቅምት 2015 በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ከተሰጠው ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ፈተና 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 ከመቶ ሆነ። እንጀራ ጋግራ እየሸጠች የቤት ኪራይ የምትከፍል እናት ልጇን «ለመሆኑ ውጫሌ ገብቶሃል ወይ?» ብላ እንድትጠይቅ መጠበቅ ግፍ ነው። ነጥቡ ለእሷ ዳቦ ነው። ስለዚህ ሸምዳጁን ልጅ በኅሊና ችሎት አናቆመውም።

የማያምንበትን ስለሚያጠቁረውስ? ሁላችንም የምናውቀው ነገር አለ፤ በአገራችን አንዱ አቅኚ የሚለውን ንጉሥ ሌላው ወራሪ ይለዋል፤ በአንዱ ቤት በክብር የሚነሳ ስም በሌላው ቤት በእንባ ይነሳል። በ2012 ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የተዘጋጀው የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ሞጁል ያስነሳውን ክርክር እናስታውሳለን። ከቤቱ የሰማው ከመጽሐፉ የተለየበት ልጅ «ለ»ን ሲያጠቁር ዋሽቷልን? በእኛ አስተያየት አልዋሸም። ፈተናው የሚጠይቀው መጽሐፉ ምን እንዳለ ነው፤ ምስክርነት አልጠራውም። ውሸት የሚሆነው ልጁ ሌላ ቦታም ሳይናገር ሲቀር፣ ቤቱ የሰማውን ለቤቱ ብቻ፣ መጽሐፉ ያለውን ለፈተናው ብቻ አድርጎ ሁለቱን ሳያፋጥጥ ሲያድግ ነው። ቤቱም ሊሳሳት ይችላል እኮ! የአያት ቃል ስለሆነ ብቻ እውነት አይሆንም። ለመመርመር ግን መጀመሪያ ጎን ለጎን መቀመጥ አለባቸው።

የጓደኛችን «ከዚያ ያስባል» የሚለው ነገር ግራ የሚያጋባን እዚህ ላይ ነው። «ከዚያ» የሚባለው መቼ ነው? ካምፓስ ገብተን፣ መምህሩ ስለ አንድ ሰነድ አከራካሪነት ሲያስረዱ፣ ከኋላ እጅ ይወጣል፤ «መምህር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይወጣል?» አይወጣም ከተባለ እስክሪብቶው ይቀመጣል።

በዚህ ዓመት ጥቂቶቻችን በአያት ለሠፈር ልጆች በሳምንት አንድ ማታ እናስጠናለን። ወርክሺቱን እንሠራለን፣ ያለፉትን ዓመታት ጥያቄዎች እንሠራለን፤ ምኑ ይደበቃል። የመጨረሻውን ግማሽ ሰዓት ግን ለሌላ ነገር አድርገነዋል። እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ አንድ ዓመተ ምሕረት ይዞ ይመጣል፤ በመጽሐፉ አቆጣጠር ስንት እንደሆነ አስልቶ በዚያ ዓመት መጽሐፉ ምን እንደሚል ይፈልጋል። አንዷ 1967ን አመጣች፤ የአያቷ ቤተሰብ በየካቲቱ የገጠር መሬት አዋጅ መሬት ያገኘበት ነው። መጽሐፉ ውስጥ በ1975 አገኘችው። ሌላው 2008ን፣ ባቡሩ ከአያት ጦር ኃይሎች መሮጥ የጀመረበትን አመጣ። አንድ ዝምተኛ ልጅ ደግሞ የአባቱ ወላጆች ያርሱት የነበረው ማሳ ለቤት ሥራ የተወሰደበትን ዓመት ጽፎ መጣ። እኛ ዛሬ የምንቀመጥባቸው ቤቶች የቆሙት እንዲህ ባለው መሬት ላይ ነው። ማውጫውን ሁሉ አገላብጦ አጣው። የት ልጻፈው ብሎ ጠየቀን። ከኅዳጉ ላይ፣ በእርሳስ፣ በሁለቱም አቆጣጠር ጻፈው አልነው።

ከመካከላችን ይህ ግማሽ ሰዓት ይቅር፣ ፈተናው ደርሷል የሚሉ አሉ። እስካሁን አልተስማማንም።