ግዙፍ አካልና የአሠልጣኝ ዕዳ

«ትግል» የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ሸክም ተሸክሞ የሚኖር ቃል ነው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ዓመታት በመፈክር ሲጻፍ፣ በመድረክ ሲነገርና በጋዜጣ ሲታተም የኖረው ትግል የሐሳብና የሥልጣን፣ የመደብና የጥቅም ትግል ነበር። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን ቃሉ የመስክ ቃል ነው። ሁለት እረኞች ከብቶቻቸውን ለጓደኛ አደራ ሰጥተው፣ ወገብ ለወገብ ተያይዘው፣ አንዱ ሌላውን መሬት እስኪያስነካ ድረስ የሚያደርጉት ግብግብ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ይህንኑ የመስክ ትግል፣ በተለይም ተፈጥሮ ከእኩዮቻቸው የበለጠ ቁመትና ክብደት የሰጠቻቸውን ታጋዮች አሠለጣጠን ነው። ጥያቄው ግን ከሜዳው አልፎ ይሄዳል። ጉልበት ያለው ሰው ጉልበቱ የማን ነው? በዚያ ጉልበት የተጠቀመ ወገንስ ምን ዕዳ አለበት?

ከብዙ ዓመታት በፊት በቆሰበር በመምህርነት ሳገለግል ያየሁትን አንድ ነገር እስከ ዛሬ አልረሳሁም። ቆሰበር ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ ብርዳም ከተማ ናትና ተማሪዎች በዕረፍት ሰዓት ሰውነታቸውን ለማሞቅ በሜዳው ላይ ይታገሉ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ዕድሜው ከዐሥራ አምስት የማያልፍ፣ ቁመቱ ግን ከብዙዎቻችን መምህራን የሚበልጥ፣ ትከሻው ሰፊ ልጅ ነበር። ማንም ጥሎት አያውቅም። የሚያደርገውም አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ተጋጣሚውን አቅፎ ክብደቱን ይጭንበታል። እኛ መምህራንም ግጥሚያ በሆነ ቁጥር እሱን እናቀርብ ነበር፤ እሱም ያሸንፍልን ነበር።

አንድ ቀን ከዳንግላ በኩል የመጣ፣ በክብደት የሚስተካከለው ወጣት ገጠመው። ልጃችን እንደ ልማዱ ሊያቅፍ ሲጠጋ ያኛው ዝቅ ብሎ እግሩን ጠለፈና ጣለው። አወዳደቁ እንደ ተቆረጠ ዛፍ ነበር። ወድቆ ስለማያውቅ እጁን ዘርግቶ መሬቱን ሊደገፍ ሞከረ፤ የሰውነቱ ክብደት ሁሉ በዚያ አንድ ክንድ ላይ ዐረፈና ትከሻው ወለቀ። ትከሻውን ወጌሻ መለሰለት፤ የተመልካቹን ሣቅ ግን የሚመልስለት አልነበረም። በማግሥቱ ልጠይቀው ብሄድ ክንዱን በነጠላ አስሮ ተቀምጦ አገኘሁት። «ጋሼ፥ እነሱ መውደቅን የተማሩት እኔ እየጣልኋቸው ነው፤ እኔን ማን ያስተምረኝ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

የዚህ ልጅ አነጋገር የግዙፍ ታጋይን ችግር በሙሉ ይዟል። ትንሹ ልጅ በጉልበት እንደማያሸንፍ ስለሚያውቅ ብልሃት ለመማር ይገደዳል። መሸሽን፣ መጥለፍን፣ የተጋጣሚውን ግፊት መልሶ በተጋጣሚው ላይ ማዋልን ይማራል። ትልቁ ልጅ ግን ሳይማር ያሸንፋል፤ ስለሚያሸንፍም የሚያስተምረው አይኖርም። የዛሬው ድል የነገውን ትምህርት ይወስድበታል። በዙሪያው ያለን ሰዎች ደግሞ ይህን እንደ ጥፋት አንቆጥረውም። ትልቅነቱን ሙያ አድርገን እንወስደዋለንና።

ትልቅነት ሙያ እንዳልሆነ የትግል ታሪክ ደጋግሞ አሳይቷል። ከዓድዋ ድል አንድ ወር ያህል ቆይቶ፣ በ1888 ዓ.ም. በአቴንስ በተካሄደው የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሊምፒክ፣ ታጋዮች በክብደት አልተከፋፈሉም ነበር። በዚያ ውድድር ካርል ሹማን የተባለ ጀርመናዊ ጂምናስት፣ ቁመቱ አጭር የሆነ ሰው፣ የእንግሊዙን ክብደት አንሺ ሎንስስተን ኤሊየትን ጥሎ በመጨረሻም የውድድሩ አሸናፊ ሆነ። ግዙፉ ኤሊየት ጉልበት አልጐደለውም፤ በዚያው ኦሊምፒክ በክብደት ማንሣት አሸንፏል። የጐደለው የትግል ትምህርት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ውድድሮች በሚዛን ተከፋፍለዋል፤ በአገራችን የባህል ስፖርቶች ውድድርም ታጋዮች በኪሎ ግራም ተለይተው ይገናኛሉ። ይህ ለትንሹ ፍትሕ ነው። ለትልቁ ግን ሌላ ጥያቄ ያስከትላል። ከላይ ወሰን ያልተደረገበት የክብደት መደብ በሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የተከፈተ ነው፤ ጨምር፣ አሁንም ጨምር ይላል። በዓለም አቀፉ የትግል ስፖርት የከባድ ሚዛን ወሰን 130 ኪሎ ግራም እንዲሆን የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው። ከዚያ በፊት የሆነውን ለማየት አንድ ሰው ማስታወስ ይበቃል።

በ1964 ዓ.ም. የሙኒክ ኦሊምፒክ ለእኛ ማሞ ወልዴ በማራቶን፣ ምሩጽ ይፍጠር በ10,000 ሜትር ነሐስ ያገኙበት ነው። ቀጫጭን አካል ይዘው በትንፋሻቸው ያሸነፉ ሰዎች ነበሩ። በዚያው ኦሊምፒክ ክሪስ ቴይለር የተባለ፣ ክብደቱ ከ180 ኪሎ ግራም የሚበልጥ የሃያ ሁለት ዓመት አሜሪካዊ በነጻ ትግል ነሐስ አግኝቷል። ዓለም የሚያስታውሰው ግን በሜዳልያው አይደለም። በግሪኮ ሮማን ትግል፣ በዕድሜ የገፋውና በክብደት በብዙ የሚያንሰው ምዕራብ ጀርመናዊ ዊልፍሬድ ዲትሪክ አቅፎ አንሥቶ፣ ወደ ኋላ ተቀልብሶ ሲወረውረው የተነሣው ፎቶግራፍ ዛሬም ይታያል። ቴይለር ከዚያ በኋላ ለገንዘብ በሚደረገው የትርኢት ትግል ተሰማራ፤ እ.ኤ.አ. በ1979 በሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ሞተ። ያን ፎቶግራፍ የሚያይ ሁሉ የዲትሪክን ብልሃት ያደንቃል። ስለ ተወረወረው ወጣት አካል፣ ስለ ልቡና ስለ ጕልበቱ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

አካልን ሆን ብሎ ማግዘፍን ሙያ ያደረገው የጃፓን ሱሞ ነው። በባለሙያ ሱሞ የክብደት መደብ የለም። መካከለኛ ትምህርቱን የጨረሰ ልጅ ወደ ማሠልጠኛ ቤት ገብቶ ከጌታውና ከጓዶቹ ጋር ይኖራል። ጧት በባዶ ሆድ ይለማመዳል፤ ከዚያ ብዙ ይበላል፤ በልቶም ይተኛል። በሃዋይ የተወለደው ኮኒሺኪ በዚህ መንገድ ከ270 ኪሎ ግራም በላይ ደርሶ ለሁለተኛው ከፍተኛ ማዕርግ በቅቷል። ጕልበቱ ግን ያን ሁሉ ክብደት ለመሸከም ተቸግሯል። በዚያው ዘመን የነበረው ቺዮኖፉጂ ከእሱ ክብደት ግማሽ አይሞላም፤ ትከሻው ደጋግሞ ሲወልቅበት ጡንቻውን በልምምድ አጠንክሮ ትከሻውን ጠበቀና 31 ጊዜ የውድድር አሸናፊ ሆነ። ሁለቱም የአንድ ሥርዐት ልጆች ናቸው። አንዱ አካሉን ጨመረ፤ ሌላው አካሉን አጠና።

ያው ሥርዐት ሌላ ፊትም አለው። እ.ኤ.አ. በ2007 አንድ የዐሥራ ሰባት ዓመት ሠልጣኝ በማሠልጠኛ ቤቱ ውስጥ ተደብድቦ ሞተ፤ ጌታውም በፍርድ ቤት ተቀጣ። ድብደባው የተፈጸመው በልምምድ ስም ነበር። እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ እምነት ይገለጣል። ትልቅ አካል አያመውም፣ ወፍራም ቆዳ አይሰማውም የሚል እምነት ነው። በእኛም ዘንድ ይህ እምነት አለ። ትልቁን ልጅ ጠንከር አድርገን እንመታዋለን፤ ከባዱን ዕቃ እሱ ይሸከም እንላለን፤ ሲያለቅስ ደግሞ እናፍርበታለን።

ወጣቶቻችን «ሬስሊንግ» እያሉ በቴሌቪዥን የሚያዩት የትርኢት ትግል ግዙፍን አካል በሌላ መንገድ ይጠቀምበታል። ውጤቱ አስቀድሞ የተወሰነ መሆኑን አዘጋጆቹ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1989 በኒው ጀርሲ ምክር ቤት ፊት ተናግረዋል። ውጤቱ የተዘጋጀ ቢሆንም ወለሉ እውነተኛ ወለል ነው፤ የሚወድቀውም እውነተኛ ጀርባ ነው። ግዙፍነቱ ከዕጢ ሕመም የመጣው ፈረንሳዊው አንድሬ ሩሲሞፍ ያ ሕመም ለዓለም ተአምር ተብሎ ሲታይለት ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 በአርባ ስድስት ዓመቱ ዐረፈ። የእኛም ስም ከዚህ መድረክ አላመለጠም። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ሬጂናልድ ሲኪ በሚል ስም የሚታወቅ ጥቁር አሜሪካዊ ታጋይ፣ አሜሪካ ተወልዶ ሳለ፣ ከአቢሲኒያ የመጣ ነው እየተባለ ለተመልካች ይቀርብ ነበር። ትልቅ አካል ለሻጩ ባዶ ሰሌዳ ነው፤ የፈለገውን ስም ይጽፍበታል። የኪነ ጥበብ ሰዎችም ራሳችንን እንጠይቅ። በቴአትራችን ግዙፍ ሰው ሲገባ ብዙ ጊዜ ወይ በላተኛ ነው ወይ ጅል ነው። እኛም በዚያ ሰሌዳ ላይ ጽፈናል።

እዚህ ላይ ሚዛን የሚደፋ ተቃውሞ ይነሣል። «ድኃ ልጅ ካለው ሀብት ጉልበቱ ይበልጣል፤ በጉልበቱ እንጀራ ቢያገኝ ማን ይከለክለዋል?» የሚል ነው። ይህን ተቃውሞ በቀላሉ የሚያልፍ ሰው ረኀብን የማያውቅ ሰው ነው። ስለዚህ መልሱ ክልከላ ሊሆን አይችልም። ወጣቱ አካሉን ለሙያ የማዋል መብት አለው፤ ነገር ግን የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ በአርባ ዓመቱ ጕልበቱ ምን እንደሚሆን አያውቅም። የሚያውቀው አሠልጣኙ ነው። ዕዳውም ከዚህ ይጀምራል። ሁለት ሰዎች ውል ሲገቡ አንዱ ብቻ የሚያውቀው ነገር ካለ፣ ያ ዐዋቂ የማያውቀውን ሰው ነገር በአደራ ተቀብሏል ማለት ነው።

በአዊ ምድር ስለ ሥልጠና የሚናገር ሰው ፈረስን ሳይጠቅስ አያልፍም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር፣ በዓድዋ ከአርበኞች ጋር የዘመቱትን ፈረሶች ውለታ ያስታውሳል። ፈረስ የሚያውቅ ሰው ውርንጭላ ምንም ያህል ቢተልቅ አጥንቱ ሳይጠና አይጭነውም፤ ከመጫኑም በፊት እግሩን ያያል። ለፈረስ ውለታ ማኅበር ያቆመ ሕዝብ ለትልቁ ልጁ ከዚያ ያነሰ ሊያደርግ አይገባውም። ምሳሌው ግን የሚያደርሰን እስከዚህ ነው። ፈረስ ፈቃዱ አይጠየቅም፤ ሰው ይጠየቃል። ጥሩ ፈረሰኛ ፈረሱን ይጠብቀዋል፤ ጥሩ አሠልጣኝ ግን ታጋዩ ራሱን መጠበቅ እንዲችል ያደርገዋል። በእንክብካቤና በትምህርት መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው።

እንግዲህ ዕዳው በተግባር ምንድን ነው? መጀመሪያ መውደቅን ማስተማር ነው። አገጭን ወደ ደረት መሰብሰብ፣ እጅን ዘርግቶ አለመደገፍ፣ ክብደትን በጀርባና በትከሻ ላይ አከፋፍሎ መንከባለል የግዙፍ ታጋይ ፊደል ነው። ከትልቅ አካል የሚወርድ ክብደት ትልቅ ስለሆነ ይህን ፊደል ከማንም ይልቅ እሱ ይፈልገዋል። ሁለተኛው ትንፋሽና እግር ነው። በደጋ አገር ከባድ ሰው ቶሎ ይደክማል፤ ሲደክምም ተጋጣሚው ላይ ይተኛል፤ ጉዳትም የሚደርሰው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ በዳገት ላይ መራመድን፣ ዝቅ ብሎ መነሣትን፣ አንገትንና ወገብን ማጠንከርን ክብደት ከመጨመሩ በፊት መልመድ አለበት። ክብደት መጨመር ካስፈለገም ድንችና ገብስ ብቻ በማብዛት አይሆንም። ወተቱ፣ ባቄላው፣ ዕንቍላሉ ከልምምዱና ከዕንቅልፉ ጋር እኩል እንዲሄድ፣ መገጣጠሚያው እስኪጠነክር ቀስ ተብሎ ነው።

ሦስተኛው የልምምድ ጓደኛ ነው። ከትናንሾቹ ጋር ሲለማመድ ክብደቱን መጫን ተከልክሎ በብልሃት ብቻ ይታገል፤ ፍጥነትን ከእነሱ ይማራል፤ ሌላውን አለመጉዳትንም ይማራል። ከእኩዮቹ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ይውደቅ፤ ደጋግሞ ይውደቅ። ያልወደቀ ታጋይ የተማረ ታጋይ አይደለም። አራተኛውና የመጨረሻው፣ ከትግል በኋላ የሚኖርበትን ሌላ ሙያ አብሮ ማስያዝ ነው። የታጋይ ዘመን አጭር ነው፤ የሰው ዘመን ግን ከዚያ በላይ ነው። አሠልጣኝ ሥራውን የሚያሳየው ተማሪው ባሸነፈበት ቀን ብቻ ሳይሆን፣ ትግል ባቆመ በሃያ ዓመቱ ደረጃ ሲወጣ ጕልበቱን ይዞ ያቃስት እንደሆነ ወይም እንደ ማንኛውም ሰው ይወጣ እንደሆነ በማየት ጭምር ነው።

ያ ተማሪዬ ትከሻው ከዳነ በኋላ ወደ ትግሉ ሜዳ አልተመለሰም። በዕረፍት ሰዓት ከግድግዳው ጥግ፣ ትልቅነቱን ለመቀነስ የፈለገ ይመስል ጐብጦ ይቆም ነበር። እኔም ስለ መውደቅ ላስተምረው የምችለውን ያህል አላውቅም ነበርና አለፍሁት። ዛሬ ሳስበው ያጠፋሁት ባለማወቄ ብቻ አይደለም። ሲያሸንፍልን በነበረበት ጊዜ የሚያውቅ ሰው ፈልጌ አለማምጣቴ ነው። በየትምህርት ቤቱ ሜዳ እንዲህ ያለ ልጅ አይጠፋም። ጉልበቱን ከመዋሳችን በፊት መውደቅን እናስተምረው።