የሳሙራይ ሒሳብ

እ.ኤ.አ. በ1988 ኮንስዩመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ የሸማቾች መጽሔት በአንዲት ትንሽ ጂፕ ላይ ከባድ ፍርድ ፈረደ። ሱዙኪ ሳሙራይ ትባላለች። መንገድ ላይ ድንገት ከገባ እንቅፋት እንደሚሸሽ ሰው፣ ሹፌሩ መሪውን ወደ አንድ ጎን ወዲያውም ወደ ሌላው ሲጠመዝዝ የአንድ ወገን ጎማዎቿ ከአስፋልቱ ለቀቁ። ለሙከራው ተብለው ከጎንና ጎኗ የተገጠሙት የብረት ድጋፎች ባይይዟት ኖሮ መገልበጧ ነበር። መጽሔቱ «ተቀባይነት የሌላት» አላት። በ1987 አሜሪካ ውስጥ ከ80 ሺህ በላይ የተሸጠችው መኪና ከሁለት ዓመት በኋላ ጥቂት ሺህ ብቻ ተሸጠች።

ሱዙኪ ነገሩን ዝም ብሎ አላለፈውም። በ1996 መጽሔቱን የሚያሳትመውን ድርጅት ከሰሰ። ክርክሩ ግልጽ ነበር፤ መኪናዋ በመጀመሪያው የሙከራ መስመር አልገለበጥ ስላለች መስመሩን ቀየሩት፣ እስክትነሳም ድረስ ደጋገሙት ነው የሚለው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2002 ጉዳዩ በዳኞች ሸንጎ ይታይ አለ፤ በ2004 ግን ሁለቱ ወገኖች አንዱ ለሌላው ገንዘብ ሳይከፍል ታረቁ። የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤትም ገና በ1988 መኪናዋ ትሰብሰብ የሚለውን አቤቱታ አይቶ፣ ከሌሎች ትንንሽ ጂፖች የተለየ የመገልበጥ ችግር የላትም በማለት ውድቅ አድርጎት ነበር።

እኔ ሁለቱም ወገኖች እውነት ነበራቸው ባይ ነኝ። ሳሙራይ ከመሰሎቿ የከፋች አልነበረችም። ችግሩ መሰሎቿም ያው መሆናቸው ነው። ሙከራው ትክክል ነበር አልነበረም የሚለው ሙግት ዓመታት ሲፈጅ፣ ማንም በወረቀትና በእርሳስ ሊሠራው የሚችል አንድ ሒሳብ ተረስቶ ነበር። መኪናውን ከፍ ለማስደረግ ጋራዥ የሚሄድ ሰው ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለበት ያንን ሒሳብ ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለውን ርቀት፣ የመኪናው የክብደት ማዕከል ከመሬት ላለው ከፍታ እጥፍ እናካፍላለን። የሚወጣው ቁጥር፣ በደልዳላ መሬት ላይ መኪናውን ወደ ጎን ለመገልበጥ የሚያስፈልገው ግፊት ከራሱ ክብደት አንጻር ምን ያህል እንደሆነ ይናገራል። የአሜሪካው መሥሪያ ቤት ከ2001 ሞዴል ጀምሮ መኪኖችን በኮከብ ደረጃ ሲመድብ መነሻ ያደረገው ይህንኑ ነው። የቤት አውቶሞቢሎች ከ1.3 እስከ 1.5 ያገኛሉ፤ ጂፖችና ፒክአፖች በአብዛኛው ከ1 እስከ 1.3። የሳሙራይ የጎማ ርቀት 1.3 ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። ከላይ ላለው ቁጥር ጠባብ መቆሚያ፣ ከታች ላለው ቁጥር ረጅም አካል፤ ውጤቱን ለመገመት የሙከራ ሜዳ አያስፈልግም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ይበልጥ የሚገርመው። መደበኛው ገዢ የሸሻትን መኪና ድንጋይ ለድንጋይ መንዳት የሚወዱ ሰዎች በርካሽ እየገዙ ጭራሽ ከፍ አደረጓት። ሳሙራይ ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ ነበራት፣ ባሌስትራውም ከአክስሉ በታች የታሰረ። ከአክስሉ በላይ ቢታሰርስ አሉ። በዚህ አንድ ለውጥ ብቻ አካሏ ከ10 ሴንቲሜትር በላይ ይነሳል፤ አዲስ ሞላ መግዛት የለም፣ የብየዳ ሥራ ብቻ ነው። ሥር ሰፋ ያለ ቦታ ሲገኝ ትልቅ ጎማ ገባ። እንዲህ የተሠሩ ሳሙራዮች በካሊፎርኒያው የሩቢኮን መንገድ፣ ቤት የሚያካክሉ ጥቁርና ግራጫ ቋጥኞች ላይ፣ እጥፍ ዋጋ ያላቸውን ጂፖች እየጣሉ ሲወጡ ስም አተረፉ።

ሩቢኮን ላይ መኪና የሚሄደው በሰው እርምጃ ፍጥነት ነው። ሹፌሩ ከእያንዳንዱ ድንጋይ በፊት ያስባል፣ አንድ ሰው ወርዶ በእጁ ይመራዋል። ያቺው መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስትበር ውሻ ቢገባባት ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንድ መኪና በአንዱ ቦታ የተዋጣላት፣ በሌላው አደገኛ ትሆናለች። በቤት የተሠራው ለውጥም የራሱን ዕዳ ይዞ መጣ፤ ነዳጅ ሲረገጥ አክስሉ ባሌስትራውን እያጣመመ ይዞራል፣ የመሪው ዘንግ ጋድሎ ይቀመጣል፣ ኃይል አስተላላፊው ዘንግ በሰፋ ማዕዘን ስለሚዞር ክሮቼራ ይበላል። ጠንቃቆቹ እያንዳንዱን ዕዳ በሌላ ሥራ ከፈሉ። ሌሎቹ በዚያው ነዱት።

አንድ በሰፊው የሚታመን ስህተት እዚህ ላይ ይነሳ። ወጥ አክስል ያለው መኪና ሞላው ወይም ባሌስትራው ሲረዝም ከፍ የሚለው አካሉ ነው፤ የዲፈረንሻሉ ሆድ ከነበረበት ንቅንቅ አይልም። መሃል መንገድ ላይ ያበጠው ድንጋይ የሚመታው ደግሞ ብዙ ጊዜ እሱን ነው። ዲፈረንሻሉን የሚያነሳው ጎማ ብቻ ነው፣ እሱም በግማሹ፤ ቁመቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ 5 ሴንቲሜትር የጨመረ ጎማ 2.5 ሴንቲሜትር ያነሳል። ታዲያ ሊፍት የሚባለው ይህ አካልን ማስነሳት ለምን ይጠቅማል? ለትልቁ ጎማ ቦታ ይሰጣል፤ ወደ ቁልቁለት ሲገባና ከዳገት ግርጌ ሲነሳ የፊትና የኋላ ፓራውልት እንዳይነካ ያደርጋል፤ ተሸክሞ ለሚውል መኪና ደግሞ ጭነቱ ካወረደው ቦታ መልሶ ያቆመዋል። ሦስተኛው ጥቅም ብዙም አይወራለትም፤ እኔ ግን ከሦስቱ ዋነኛው እሱ ይመስለኛል።

ወደ ሒሳቡ እንመለስ፣ ለምሳሌ ያህል ክብ ቁጥሮች ወስደን። 2 ሺህ ኪሎ የሚመዝን ጂፕ አለ፤ የጎማዎቹ ርቀት 150 ሴንቲሜትር፣ የክብደት ማዕከሉ ከፍታ 70። ቁጥሩ 1.07 ነው። 5 ሴንቲሜትር ሊፍት ሲገባለት አክስልና ጎማ አብረው ስለማይነሱ ማዕከሉ 4 ያህል ብቻ ይነሳል፤ ቁጥሩ ወደ 1.01 ይወርዳል። ይህ ብዙ አያስደነግጥም። አሁን ሊፍቱን እንተወውና በፖርቶመጋላው ላይ 100 ኪሎ እንጫን፣ ከመሬት 2 ሜትር ከፍታ ላይ። ማዕከሉ 6 ሴንቲሜትር ይነሳል፣ ቁጥሩ 0.98 ይሆናል። ስለ ሊፍት አደገኛነት ሲከራከር የሚያመሽ ሰው፣ ጣሪያው ላይ የሰቀለው 100 ኪሎ ጭነት ከሊፍቱ የበለጠ እንደሚያናጋው ልብ አይልም። ሁለቱ ሲደመሩ 0.93 ላይ ይደርሳል። በቅሎ የሚጭን ገበሬ ከባዱን ስልቻ ከኮርቻ በላይ አይቆልልም፤ በግራና ቀኝ ዝቅ አድርጎ ነው የሚያንጠለጥለው።

ይህ ለእኛ የወረቀት ጨዋታ አይደለም። ከመቀሌ ወደ ደናክል የሚወርደው መንገድ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ተነስቶ ከባሕር ወለል በታች ያደርሳል፤ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው። ቱሪስት የጫኑት ላንድ ክሩዘሮች ፍራሹን፣ ውሃውን፣ የወጥ ቤቱን ዕቃ ጣሪያ ላይ ጭነው ይወርዱታል። ፍራሹ ቀላል ነው፣ ይቀመጥ። ውሃው ግን አንድ ሊትሩ አንድ ኪሎ ነው፤ ቦታው ከኋላ ወንበር ሥር ወይም ከኋላው የዕቃ ቦታ ወለል ላይ ነው። ከዚህ ጋር ሲተያይ የትኛው ሊፍት ይሻላል የሚለው ጥያቄ ሁለተኛ ነው።

አይስላንዳውያን ይህን ሒሳብ ከሌላ ጫፍ ደረሱበት። እነሱ ያስቸገራቸው ድንጋይ ሳይሆን በረዶ ነው፤ ቫትናዮኩል በሚባለው ታላቅ የበረዶ ግግር ላይ መንሳፈፍ ይፈልጋሉ። መልሳቸው 38 ኢንች ጎማ ሆነ፣ ንፋሱ ያለቀ እስኪመስል ድረስ የተነፈሰ። እንዲህ ያለውን ጎማ ለማስገባት ግን አካሉን ሰማይ አልሰቀሉትም። የጎማ መሸፈኛውን ቆርጠው አሰፉት፣ ሰፊ ቸርኬ ገጠሙ፣ ጎማዎቹ ወደ ውጭ ወጡ፤ ሊፍቱን የቻሉትን ያህል ትንሽ አደረጉት። ማለትም የታችኛውን ቁጥር ሲያሳድጉ የላይኛውንም አብረው አሳደጉ። በ1990 የተነሳው አርክቲክ ትራክስ የተባለው ኩባንያ ይህን ሥራ ንግድ አደረገው፤ በ2007 የእንግሊዙ ቶፕ ጊር ዝግጅት አቅራቢዎች ወደ ሰሜን መግነጢሳዊ ዋልታ የነዱት የኩባንያውን ባለ 38 ኢንች ጎማ ቶዮታ ሃይለክስ ነበር። ዲፈረንሻሉን በትልቁ ጎማ ልክ ማስቀየርም ከሥራው ዋና ክፍል ነው፤ ያ ካልሆነ ሞተሩ ሁልጊዜ አንድ ማርሽ ከፍ ብሎ እንደሚጎተት ይሆናል።

የእኛን የሞላ ምርጫ በተመለከተ፣ ገበያው ሴንቲሜትር ይሸጣል፤ የሚገዛው ሰው ግን ኪሎ ነው መጠየቅ ያለበት። እንደ አውስትራሊያው ኦልድ ማን ኢሙ ያሉ ስም ያላቸው አምራቾች ለአንድ መኪና አንድ ሞላ ብቻ አይሠሩም፤ ባዶ ለሚውል፣ መጠነኛ ለሚጭንና ሁልጊዜ ከባድ ለሚሸከም የተለያየ ሞላ አላቸው። ከባዱን ለባዶ መኪና የገጠመ ሰው መኪናው ከታሰበው በላይ ቆሞ በየጉድጓዱ ሲነጥር፣ ጎማው መሬት ሲለቅ ያየዋል፤ ኮረኮንች መንገድ ላይ መሬት የለቀቀ ጎማ ፍሬንም መሪም የለውም። ቀላሉን ለጫነ መኪና የገጠመው ደግሞ ከሳምንት በኋላ ኋላው ተቀምጦ ያገኘዋል፤ ከከፈለው ብር የቀረው የፊቱ ከፍታ ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መኪናው እንደ ወትሮው ተጭኖ፣ ነዳጁ ሞልቶ፣ ሰው ተቀምጦበት፣ የፊቱና የኋላው ለየብቻ ይመዘን። የክብደት መለኪያ ያለበት ጣቢያ ማግኘት ያን ያህል አያስቸግርም።

ባሌስትራ ላይ አንድ ቅጠል ማስጨመር በአገራችን ጋራዦች የተለመደና ርካሽ መፍትሔ ነው። ሁልጊዜ ለሚጭን ፒክአፕ አይከፋም። ባዶ ሲመለስ ግን ያው የሚነጥር መኪና ነው፤ የድሮው ሾክ አብዞርበርም የጠነከረውን ባሌስትራ መልሶ መያዝ ያቅተዋል። ሞላና ሾክ አብዞርበር አብረው መመረጥ አለባቸው፤ አዲሱ ሞላ በሙሉ ሲዘረጋ አሮጌው ሾክ አብዞርበር ካጠረ ተወጥሮ ሊቀደድ ይችላል። ከሞላው ሥር የሚገባ የፕላስቲክ ወይም የአልሙኒየም ማስቀመጫ ከፍታ ይሰጣል፤ የመሸከም አቅም ግን አይጨምርም። ለጎማ ቦታ ብቻ ለሚፈልግ ይሁን፤ ለጭነት አይረባም።

ወጥ የፊት አክስል ባላቸው እንደ ላንድ ክሩዘር 70 ባሉት ላይ 5 ሴንቲሜትር ሲነሳ አክስሉ ትንሽ ወደ ፊት ይዞራል፤ መሪው ከመዞሪያ በኋላ ራሱን ወደ መሃል መመለስ ይሰንፋል፣ አስፋልት ላይም መኪናው ይንሳፈፋል። ቀዳዳው ከመሃል የወጣ ልዩ ቦኮላ ያስተካክለዋል። እንደ ፕራዶና ሃይለክስ ያሉት፣ የፊት ጎማዎቻቸው ለየብቻ ከፍና ዝቅ የሚሉት ደግሞ ወደ ጎማ የሚሄዱት አጫጭር ዘንጎች ማዕዘናቸው ስለሚሰፋ 5 ሴንቲሜትር አካባቢ ላይ ማቆም ይበጃል፤ ከዚያ በላይ የሚያስነሳ ሰው ገንዘቡን ሌሎች ክፍሎች ላይም ለማፍሰስ ይዘጋጅ። የፍሬን ቱቦው ጎማው በሙሉ ሲወርድ እንዳይወጠር ጃክ ላይ አንስቶ ማየት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ሳያይ ይወጣል።

ጋራዡ ጨረስኩ ሲል ገና ነው። ጎማ አላይመንት ይሠራ፣ ከመጀመሪያው ረጅም ጉዞ በኋላ ባሌስትራውን የያዙት ብሎኖች ዳግመኛ ይጥበቁ። ከዚያ ማታ ከግድግዳ ፊት አቁሞ የፊት መብራቱን ዝቅ ማድረግ ነው፤ ከፊት የሚመጣው ሹፌር ዓይን ውስጥ የሚበራው የእርስዎ መብራት እንዳይሆን።