በመለኪያ ውስጥ ያለው እህል

በአሜሪካዋ የኬንታኪ ግዛት ሰዎች መኪናቸውን አስነስተው ከአንዱ የውስኪ ፋብሪካ ወደ ሌላው እየዞሩ ይጎበኛሉ፣ ይቀምሳሉ። ጉብኝቱ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የራሱ ስምና መስመር ወጥቶለታል። በርበን የሚሉት ይህ ውስኪ በሕግ ከእህሉ ቢያንስ 51 ከመቶው በቆሎ መሆን አለበት። ያ ሁሉ በቆሎ ለምን መጠጥ ሆነ ብሎ ጎብኚውን የሚሞግት ግን የለም።

ጉዞው ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ ቢሆንስ? በዋግ ኽምራ ደጋ የሚጎበኘው ፋብሪካ ሳይሆን ጓዳ ነው። ሴትየዋ ጌሾና ብቅል ትጠነስሳለች፤ እህሉን አስፈጭታ፣ ጋግራ ትጨምርበታለች። ድፍድፉ ሲደርስ እሳት ላይ ትጥደዋለች። እንፋሎቱ በሸምበቆው አልፎ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተቀመጠው ዕቃ ሲገባ አረቄ ሆኖ ጠብ ጠብ ይላል። አተላው ለከብቱ፣ ጢሱ ለዓይኗ።

ሰቆጣ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስታውሰው 1977 ዓ.ምን ነው። መንግሥትም በ2007 ዓ.ም የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት የገባውን ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ያለው በዋዛ አይደለም። ታዲያ በዚህ ምድር እህልን አረቄ ማድረግ ነውር አይደለምን?

«ነውር ነው» ለማለት አልቸኩልም። ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የ1965ቱን የወሎ ረሃብ መርምሯል፤ ዋግም ያኔ የወሎ ክፍል ነበር። እንደ ሴን አባባል ሕዝቡ ያለቀው በአገር እህል ስለጠፋ ሳይሆን እህል የሚያገኝበት አቅም ስላጣ ነው። እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ አካባቢ የወጣ እህል ነበር። በዚህ ዓይን ሲታይ ጓዳው ውስጥ ያለችው ሴት እህል አባካኝ አይደለችም። መሬት ለሌላት ሴት አረቄው መግዣ አቅም ነው፤ ዘይትም፣ የልጅ ደብተርም፣ የነገ ዱቄትም ከዚያው ነው። (የጠጪው ቤት ጣጣ ለሌላ ቀን ይቆየን።)

ይሁንና ይኸው ሐሳብ በሁለት በኩል የተሳለ ነው። ገንዘብ ያለው ሰው እህሉን ወደ ራሱ ይስባል። ዝናብ በቀረበት ዓመት የጠጪው ብር ከደሃዋ ጎረቤት ብር ጋር አንድ ገበያ ላይ ይጋፋል፣ ይጥላታልም። አረቄ አውጪዋ መካከል ላይ ናት፤ ማሽላውን የምትገዛው ጠጪው ስላለ ነው። ተከሳሽ ካስፈለገ ከምድጃው ዳር ሳይሆን ከአግዳሚው ላይ ይፈለግ። ከአዲስ አበባ የምንሄድ እንግዶች ቀን ስለ ድርቅ ስናወራ ውለን ማታ እዚያው አግዳሚ ላይ እንቀመጣለን። መለኪያውን አንስተን የምንጠይቀውም «ዳግም ነው ወይ?» ብለን ነው እንጂ ማሽላው ዛሬ በስንት ተገዛ ብለን አይደለም።