ሐኪም ፊት «ደህና ነኝ» አትበሉ

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው የኬሞ ዕረፍት ላይ ላላችሁ፣ ታማሚዎችንም አጠገባቸው ሆናችሁ ለምታስታምሙ ነው። ሐኪሙ «ለጊዜው እናሳርፍህ» ሲል አንዳንዱ ተስፋ ቆረጡብኝ ብሎ ይደነግጣል፣ አንዳንዱ ደግሞ ዳንኩ ብሎ ቀጠሮውን ይረሳል። ኬሞ ካንሰሩን ብቻ ለይቶ አይመታም፤ ቶሎ ቶሎ የሚባዛ ሴል ሁሉ ይነካዋል። የአፍ ውስጥ ቆዳ፣ አንጀት፣ የፀጉር ሥር፣ ደም የሚሠራው መቅኔ አብረው ይጎዳሉ። ዕረፍቱ የሚሰጠው እነዚህ እንዲያገግሙና ቀጣዩን ዙር እንዲችሉ ነው፤ ስለዚህ እሱም ሕክምና ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ የምለምናችሁ አንድ ነገር አለ። በአገራችን ሰው «እንዴት አደርክ?» ሲባል አልጋ ላይ ሆኖም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላል። ጠያቂን የማያስጨንቅ፣ ፈጣሪን የማያማርር መልካም ልማድ ነው። ሐኪም ፊት ግን ይጎዳችኋል። ሐኪሙ ቀጣዩን ዙር በሙሉ መጠን ልስጥ፣ ልቀንስ ወይስ መድኃኒቱን ልቀይር ብሎ ሲወስን ግማሹን የሚያውቀው ከእናንተ አፍ ነው። የደም ማነስን ላቦራቶሪ ያየዋል። የእግር መደንዘዝን ግን በየቀጠሮው የሚታዘዘው የደም ምርመራ አያሳይም።

እዚሁ ባሕር ዳር ባጃጅ የሚነዳ አንድ ልጅ አውቃለሁ። የሸሚዙን ቁልፍ እህቱ ናት የምትቆልፍለት። ሳንቲም ሲመልስ ከጣቱ ያመልጠዋል፣ ፍሬኑን ሲረግጥ የእግሩ መዳፍ አይሰማውም። ሐኪሙ ሲጠይቀው ግን «ምንም አልል» ይላል፤ ከነገርኩት መድኃኒቱን ያቋርጥብኛል ብሎ ነው። ልጄ፣ ቀድመህ ብትነግረው ኖሮ መጠኑ ይቀነስልህ ነበር። ያን እግር ይዘህም ሰው አትጫን።

ይህ መደንዘዝ የነርቭ ጉዳት ነው። ፓክሊታክሴል፣ ሲስፕላቲን፣ ኦክሳሊፕላቲንና ቪንክሪስቲን በዚህ የታወቁ ናቸው። ረጃጅሞቹ ነርቮች ቀድመው ስለሚጎዱ ከእግርና ከእጅ ጣት ጫፍ ይጀምራል፤ ይጠቀጥቃል፣ ያቃጥላል፣ ጉንዳን የሚሄድበት ይመስላል። ብዙ ሰው የሚደናገጥበት ነገር ደግሞ አለ። በተለይ ሲስፕላቲንና ኦክሳሊፕላቲን ከቆሙ በኋላም መደንዘዙ ለጥቂት ወራት ሊብስ ይችላል። «አርፌ ጭራሽ ባሰብኝ፣ በሽታው ተመለሰ» ብላችሁ ሌሊቱን አትጨነቁ፤ ለሐኪሙ ንገሩት። ለሕመሙ የሚታዘዝ መድኃኒትም አለ። ነርቭ ቀስ ብሎ ነው የሚያገግመው፤ ወራት ይፈጃል፣ አንዳንዱ ላይ ዓመት ያልፋል፣ ጨርሶ የማይለቀውም ሰው አለ።

እስከዚያ እግራችሁን ጠብቁት። ማታ ማታ ተረከዛችሁንና የጣቶቻችሁን መሐል አንድ ሰው ይይላችሁ፤ እሾህ ወግቷችሁ ላይሰማችሁ ይችላል። የእግር ውኃ በክርን ተለክቶ እንጂ በእግር አይሞከርም። ነጠላ ጫማ ትታችሁ የተሸፈነ ጫማ አድርጉ። በባዶ እግር ጣና ዳር ውኃ ውስጥ መግባቱም ይቅር፤ በሐይቁ ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ፣ ለተሰነጠቀ እግርም ጭቃው አይበጅም።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ወደምፈራው ልምጣ። በእኛ አካባቢ ሰውነቱ የጋለ ሰው ሁሉ «ወባ ነው» ይባላል። የወባ ኪኒን ይገዛል፣ ፓራሲታሞል ይዋጣል፣ ነጠላ ተከናንቦ ይተኛል። ኬሞ ለወሰደ ሰው ይህ ሕይወት ያስከፍላል። ከኬሞ በኋላ ነጭ የደም ሴል አብዛኛውን ጊዜ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ድረስ በጣም ይወርዳል፤ በዚያን ጊዜ ትንሽ ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ደም ውስጥ ሊሰራጭ ይችላል። ከትኩሳት በቀር ሌላ ምልክት ላይኖረውም ይችላል። ስለዚህ ቤታችሁ የሙቀት መለኪያ ይኑር። 38 ዲግሪ ከደረሰ እስኪነጋ አትጠብቁ፣ ሆስፒታል ሂዱ፤ በር ላይም መጀመሪያ የምትናገሩት «ኬሞ እየወሰድኩ ነው» የሚለውን ይሁን። የወባ ምርመራውም ይደረግ፣ ወባ በእርግጥ ሊሆን ይችላልና። ብቻ ወባ ነው ብላችሁ ለራሳችሁ አትፍረዱ። ታማሚው አይሆንም ቢልም እናንተ አስታማሚዎች ተነሡ።

ስለ ምግብ ብዙ አልልም፤ አፍ ሲመር ማንም ሰው የሚጥመውን ራሱ ይፈልጋል። አፉ ለቆሰለ ሰው በርበሬና የኮመጠጠ እንጀራ እሳት ናቸው፤ አልጫ፣ አጥሚት፣ የለሰለሰ ገንፎ ይሻላል። አንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጣችሁ በቀን ደጋግማችሁ ተጉመጥመጡበት፤ አይዋጥም። ዓሣ፣ ቆሮሶም ሆነ አምባዛ፣ በደንብ የበሰለ እንደሆነ መልካም ምግብ ነው። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ግን ደማችሁ እስኪያገግም ይቆዩ። ጾም ለሆነባችሁ ንስሐ አባታችሁን አማክሩ፤ ቤተ ክርስቲያን በታመመ ሰው ላይ ጾም አታከብድም፣ እስልምናም እንዲሁ።

«ቅጠል ነው፣ ምን ይጎዳል» የሚላችሁ ጎረቤት አይጠፋም። ፓክሊታክሴል ራሱ መጀመሪያ የተገኘው ከዛፍ ቅርፊት ነው። ዕፅ ኃይል አለው፤ ኃይል ስላለውም ነው ከኬሞ ጋር ሳይታወቅ የማይደባለቀው፣ ጉበትንም ደምንም ሊጎዳ ይችላል። የምትወስዱት ነገር ካለ ለሐኪሙ ስሙን ንገሩት። ጸበልን ማንም አይከለክላችሁም፣ እኔም እጠጣለሁ። ውኃው ንጹሕ ይሁን፣ በብርድ አትጠመቁ፣ ኪኒናችሁንም ስለ ጸበል ብላችሁ አታቋርጡ። እምነታችሁ መድኃኒት በመዋጣችሁ አይጎድልም።

የኬሞ ድካም ሌላ ነው፤ ተኝተው የሚነሡበት ድካም አይደለም። ቀኑን ሙሉ መተኛት ያባብሰዋል፣ ጥቂት መራመድ ያቀለዋል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው፣ የእግረኛ መንገድም አለው። ፀሐይ ሳትከር ሰው አስከትላችሁ ሩቡን ሂዱና ተመለሱ፤ በሌላ ቀን ግማሹን። ትንፋሽ የሚያሳጥር ከሆነ ግን ደም ማነስ ሊሆን ስለሚችል ተመርመሩ።

ቀጠሮን በተመለከተ፣ መንገድ የሚዘጋበት ዘመን ላይ ነንና አስቀድማችሁ አስቡበት። የመድኃኒታችሁ ስም፣ ስንተኛ ዙር ላይ እንዳላችሁ፣ መጨረሻ የወሰዳችሁበት ቀንና የሕክምና ክፍሉ ስልክ በአንድ ወረቀት ተጽፎ ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን፣ ፎቶውም የልጆቻችሁ ስልክ ላይ ይቀመጥ። ሕክምናችሁ አዲስ አበባ ሆኖ መሄድ ካልተቻለ ያን ወረቀት ይዛችሁ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ወይም ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የካንሰር ሕክምና ክፍል ግቡ፤ ከየት መጀመር እንዳለባቸው የሚያውቁት ከእሱ ነው። በወረቀቱ ጀርባ ደግሞ በዕረፍቱ ጊዜ የተሰማችሁን ሁሉ፣ መደንዘዙን፣ አፍ መቁሰሉን፣ እንቅልፍ ማጣቱን፣ ከነቀኑ ጻፉ። ሐኪሙ «እንዴት ነህ?» ሲላችሁ ፈጣሪን አመስግኑና ወረቀቱን ገልብጣችሁ አንብቡለት።