ያለ ደመወዝ ማገልገል፤ የአዲስ ምሩቃን ጥያቄ

የምረቃ ወቅት በደረሰ ቁጥር በየቤቱ የምናየው ደስታ ተመሳሳይ ነው። ጥቁሩ ካባ ይለበሳል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ድንኳን ይጣላል፤ ጎረቤት ይጠራል። ልጁን ለማስተማር በሬውን የሸጠ አባት፣ ጠላ እየሸጠች የደብተር መግዣ ስትልክ የኖረች እናት በዚያች ዕለት ድካማቸውን ይረሳሉ። ፎቶግራፉም በመስተዋት ተከፍፎ ከግድግዳው ላይ ይሰቀላል። ከዚያ በኋላ ግን ዝምታ የሞላበት ሌላ ወቅት ይጀምራል። ምሩቁ በየማለዳው ማስታወቂያ ወደሚለጠፍበት ሰሌዳ ይሄዳል፤ የማስረጃዎቹን ቅጂ ይዞ ከቢሮ ቢሮ ይዞራል፤ በየማስታወቂያው ላይ የሁለትና የሦስት ዓመት የሥራ ልምድ መጠየቁን ያነባል። «ዜሮ ዓመት» የሚል ሲያገኝም ከእርሱ ቀድመው የተሰለፉት ብዙዎች ናቸው። ወራት ያልፋሉ። በግድግዳው ላይ ያለው ፎቶግራፍ የኩራት ምንጭ መሆኑ ይቀርና ባለቤቱን በየዕለቱ የሚወቅስ ዳኛ ይመስላል።

ከሠላሳ ዓመት በፊት በአገራችን የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከ40 በላይ ሆነዋል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ተማሪው ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ይጠበቅበታል። የትምህርት በር መስፋቱ መልካም ነገር ነው፤ የሥራው በር ግን በዚያው መጠን አልሰፋም። በመሆኑም ለብዙ ወጣቶች አንድ ምክር ከየአቅጣጫው ይደርሳቸዋል፤ «ቤት ከምትቀመጥ በነጻ አገልግል፤ ልምድ ታገኛለህ፤ ሰው ያውቅሃል፤ የምትወደውንም ሥራ ትለያለህ» ይባላሉ። ምክሩ ቅን ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ልንመረምረው የሚገባ ጥያቄ በውስጡ አለ። ሰው ያለ ደመወዝ ሲሠራ ራሱን ይሰጣልን ወይስ ራሱን ያረክሳል? ደግሞስ ለራሱ እንጀራ ፍለጋ ብሎ ሌላውን የሚያገለግል ሰው አገልግሎቱ እውነተኛ ሊባል ይችላልን?

አባቶቻችን ያለ ደመወዝ ለሚሠራ ሥራ እንግዶች አልነበሩም። በወንፈል አንዱ ገበሬ የሌላውን ማሳ ዛሬ ያርማል፤ ነገ ደግሞ የእርሱ ማሳ ይታረምለታል፤ ጉልበት በጉልበት ይመለሳል። በደቦ ደግሞ ሥራ የበዛበት ሰው ጎረቤቶቹን ይጠራል፤ እነርሱም እየዘፈኑ ያጭዳሉ፤ ጠላው ተጠምቆ፣ እንጀራው ተጋግሮ ይጠብቃቸዋል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍም። ይሁን እንጂ ሦስት ነገሮች ይጠበቁ ነበር። አንደኛ፣ ሥራው መጨረሻ ነበረው፤ አጨዳው ሲያልቅ ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል። ሁለተኛ፣ የሠራ ሰው ተርቦ አይመለስም። ሦስተኛ፣ የረዳ ሰው እርሱም ሲቸገር የሚደርስለት እንዳለ ያውቃል። ማንም ሰው ጎረቤቱን ዓመቱን ሙሉ በደቦ ስም ሲያሠራ፣ ሲመሽም ባዶ ሆዱን ሲያሰናብት ቢገኝ መንደሩ ስም ያወጣለት ነበር። ይህ የቆየ ሥርዓት ለዛሬው ጥያቄያችን መመዘኛ ይሆነናል።

እስቲ አንድ ወጣት በሐሳባችን እናስቀምጥ። የሒሳብ አያያዝ ተምሮ ተመርቋል፤ ሥራ ግን አላገኘም። በሰፈሩ ያሉ እናቶች ያቋቋሙት የቁጠባና ብድር ማኅበር መዝገቡ የተዘበራረቀ መሆኑን ይሰማና በሳምንት ሁለት ቀን እየሄደ ሊያስተካክልላቸው ይስማማል። በመጀመሪያ የሚያስበው የሥራ ልምድ ማስረጃ ስለ ማግኘት ነው። ይሁንና ከቀናት በኋላ ማንበብ የማይችሉ እናት ከፊቱ ተቀምጠው «ልጄ፣ ያስቀመጥኩት ገንዘብ ስንት ደረሰ?» ሲሉት፣ በዩኒቨርሲቲ የተማረው ቋንቋ እንደማይበቃው ይገነዘባል። ወለድን በእንጀራና በጤፍ እየመሰለ ማስረዳት ይጀምራል። እናትየዋ ሲገባቸውና ፊታቸው ሲፈካ፣ ከዚህ በፊት ከመዝገብና ከቁጥር ያላገኘውን ደስታ ያገኛል። እስከዚያች ቀን ራሱን የሒሳብ ሠራተኛ አድርጎ ብቻ ይቈጥር ነበር፤ የማስተማር ፍቅር እንዳለው አላወቀም።

ከዚህ ምሳሌ የምንረዳው አንድ እውነት አለ። የሚያረካንን ሥራ በክፍላችን ተቀምጠን ልባችንን በመመርመር ብቻ አናገኘውም። ሰው ምን እንደሚወድ የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ እጁ ከሥራው፣ ዓይኑም ከሰው ችግር ጋር ሲገናኝ ነው። ዝንባሌያችን እንደ ዘር ነው፤ መሬት እስኪነካ ድረስ ምን እንደሚያበቅል አይታወቅም። የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ለአዲስ ምሩቅ ከሚሰጠው ጥቅም ሁሉ የሚበልጠውም ይኸው ይመስለናል።

ታዲያ ያ ወጣት ሲጀምር ያሰበው ስለ ማስረጃው ነውና አገልግሎቱ ግብዝነት ነበርን? እኛ እንዲህ አንልም። የሰው ልብ አንድ ሐሳብ ብቻ የሚያድርበት ቤት አይደለም። እናት ልጇን ስታሳድግ ትወደዋለች፤ በእርጅናዋም እንዲጦራት ተስፋ ታደርጋለች፤ ተስፋዋ ፍቅሯን ሐሰት አያደርገውም። የሚያስፈርደው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም የምናገለግለውን ሰው መሰላል አድርገን ረግጠን ስንወጣ ነው። ያ ወጣት ማስረጃውን በተቀበለ ማግስት መዝገቡን በግማሽ ትቶ ቢጠፋ በእናቶቹ ላይ ተጠቅሞባቸዋል። ሥራውን ጨርሶ፣ ለተተኪው አስረድቶ ቢሄድ ግን ጥቅሙንም ፍቅሩንም ጠብቋል። ሰው በተደባለቀ ሐሳብ ጀምሮ በጠራ ሐሳብ ሊፈጽም ይችላል።

የታሪክ ምስክሮችም አሉን። እ.ኤ.አ. በ1833 በፓሪስ ከተማ ፍሬደሪክ ኦዛናም የተባለ የ20 ዓመት ተማሪ ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ድሆችን በየቤታቸው መጎብኘት ጀመረ። በኋላ የቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ማኅበር የተባለውና በብዙ አገሮች የተስፋፋው የዚህ ትንሽ ጅምር ፍሬ ነው። ኦዛናም ሕግ ያጠና የነበረው በአባቱ ፍላጎት ሲሆን በመጨረሻ በሶርቦን የሥነ ጽሑፍ መምህር ሆኗል። እንጀራው ከመምህርነቱ፣ አገልግሎቱ ከድሆች ዘንድ ነበር፤ ሁለቱ አንድ ሥራ አልሆኑም፤ ሕይወቱ ግን አንድ ነበረች። በአገራችን ደግሞ ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼን እናስታውሳለን። በፊስቱላ ሕመም ምክንያት ወደ ሐኪሞቹ ወደ ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን የመጡት እንደ በሽተኛ ነበር። ከታከሙ በኋላ እዚያው ቆይተው ሌሎች ሕመምተኞችን መርዳት ጀመሩ፤ ከዚያም በሐኪሞቹ ሥር እየተለማመዱ፣ መደበኛ የሕክምና ትምህርት ቤት ሳይገቡ በቀዶ ሕክምና ችሎታቸው የታወቁ ባለሙያ ሆኑ። ለእርሳቸው አገልግሎቱ ራሱ ሙያ ሆነ። እንግዲህ ወጣቶች ከሁለቱም ይማሩ። አገልግሎት አንዳንዴ ወደ ሙያ ያደርሳል፤ አንዳንዴ ደግሞ ከሙያ ጎን ለጎን ይኖራል፤ በሁለቱም መንገድ ሕይወት ትሞላለች።

የአገራችን ታሪክ ሌላም ነገር ያስተምረናል። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ በቀድሞው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ፣ አብዛኞቹም በመምህርነት፣ እንዲያገለግሉ ይደረግ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ በእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተልከዋል። በእነዚህ ዓመታት ብዙ የከተማ ልጆች የገበሬውን ኑሮ በዓይናቸው አይተዋል፤ አስተምረዋል፤ ከሁሉ በላይ ተምረዋል። ነገር ግን ግዴታና ፈቃድ አንድ አይደሉም። ሰው በትእዛዝ ሄዶ መልካም ሥራ ሊሠራ ይችላል፤ «በጎ ፈቃድ» የሚለው ስም ግን የሚገባው ሰው «አይሆንም» ለማለት እየቻለ «እሺ» ሲል ብቻ ነው።

ከባዱ ጥያቄ የሚነሣውም እዚህ ላይ ነው። ሥራ ያጣ፣ ቤተሰቡ የሚጠብቀው፣ የቤት ኪራይ የሚያስጨንቀው ምሩቅ «አይሆንም» ለማለት በእርግጥ ነጻ ነውን? ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 ባወጡት «ሬሩም ኖቫሩም» በተባለው መልእክታቸው፣ ሠራተኛው በችግር ተገድዶ ስለ ተስማማ ብቻ ውሉ ፍትሐዊ እንደማይሆን አስተምረዋል። ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም እ.ኤ.አ. በ1981 «ላቦሬም ኤክሰርቼንስ» በተባለው መልእክታቸው የሥራ ክብር የሚመነጨው ከሚሠራው ነገር ሳይሆን ከሚሠራው ሰው መሆኑን አብራርተዋል። ይህን ትምህርት ለጉዳያችን ብንጠቀምበት ግልጽ የሆነ ፍርድ እናገኛለን። አንድ ድርጅት ደመወዝ ሊከፍልበት የሚገባውን ቋሚ ሥራ በበጎ ፈቃድ ስም ለምሩቅ ቢሰጥ፣ ስድስት ወር ሲሞላውም እርሱን አሰናብቶ ሌላ ምሩቅ ቢተካ፣ ይህ አገልግሎት አይባልም፤ የደመወዝ ስርቆት ነው። ወጣቱ በፈቃዱ መምጣቱ ድርጅቱን ከዕዳው ነጻ አያደርገውም። ይህንንም ስንል ጣታችንን ወደ ሌሎች ብቻ አንቀስርም። በቁምስናዎቻችን፣ በትምህርት ቤቶቻችንና በክሊኒኮቻችን «ለእግዚአብሔር ብለህ» የሚለው ቃል የበጀት ጉድለት መሸፈኛ ሆኖ እንዳይገኝ ራሳችንን ልንጠይቅ ይገባናል። ለእግዚአብሔር የሚሰጥ ነገር ከሰጪው ልብ ይውጣ እንጂ በእኛ አይጠየቅ፤ አይተመንም።

ስለሆነም ለማገልገል የምታስቡ ወጣቶች ሆይ፣ የደቦን ሥርዓት አስታውሱ። አስቀድማችሁ ሥራው መቼ እንደሚያልቅ ጠይቁ፤ ሦስት ወር ከሆነ ሦስት ወር መሆኑ በጽሑፍ ይቀመጥ። የትራንስፖርትና የምሳ ወጪያችሁን ማን እንደሚሸፍን ተነጋገሩ፤ ይህን መጠየቅ ስስት አይደለም፤ የሠራ ሰው ተርቦ አይመለስምና። ምን እንደምትማሩና ማን እንደሚያስተምራችሁ እወቁ። ሥራ ፍለጋችሁንም አታቋርጡ፤ ከሳምንቱ ቢያንስ ሁለት ቀን ለእርሱ ተዉ። ደግሞም «ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት» እንደተባለችው ሴት እንዳትሆኑ፤ ጊዜን ለመግደል ብቻ የተያዘ ሥራ ሠሪውንም ተረጂውንም ይጎዳል። ቃል የገባችሁባትን ቀን ግን እንደ ደመወዝተኛ ሳይሆን ከደመወዝተኛ በላይ አክብሩ፤ የሚጠብቃችሁ ሰው ሌላ የሚጠብቀው የለውምና።

ለወላጆችም አንድ ቃል አለን። ልጃችሁ ያለ ክፍያ ለሥራ ሲወጣ «ለዚህ ነው ያስተማርንህ?» ብላችሁ አትስበሩት። በወንጌል የወይኑ ቦታ ምሳሌ ላይ እስከ ማምሻው ድረስ በገበያ ቆመው የነበሩትን ሰዎች አስታውሱ። ስለምን ሥራ ፈትተው እንደቆሙ ሲጠየቁ የሚቀጥራቸው ሰው አለመገኘቱን ተናገሩ፤ ሰነፎች ናችሁም አልተባሉም። የወይኑ ባለቤትም በአንዲት ሰዓት ሥራቸው የሙሉ ቀን እንጀራ ይዘው እንዲገቡ አደረገ። ሥራ ማጣት ኃጢአት አይደለም፤ ሥራ ያጣውን መናቅ ግን ኃጢአት ነው። የምትችሉ ቤተሰቦች ለአገልግሎቱ ወራት የልጃችሁን መንገድ በእንጀራና በምርቃት ደግፉ፤ የማትችሉም ችግራችሁን በግልጽ ንገሩት። ቤቱ የተራበበት ወጣት የቀን ሥራም ቢሆን ሠርቶ ቤተሰቡን ቢረዳ ያነሰ አገልግሎት እንደ ሠራ አንቈጥርበትም። ለሁሉም የሚሆን አንድ መንገድ የለምና።

መልሳችንን እንጠቅልል። ሰው ያለ ደመወዝ ሲሠራ ራሱን የሚያረክሰው ጉልበቱ በማያከብረው ሰው እጅ ሲወድቅ ነው፤ ራሱን የሚሰጠው ደግሞ በነጻነት፣ በመጠንና ለእውነተኛ ችግር ሲያውለው ነው። በዚህ መንገድ ያገለገለ ወጣት ሥራ በፍጥነት እንደሚያገኝ ቃል ልንገባለት አንችልም። ነገር ግን አንድ ነገር ከእርሱ ጋር ይቀራል፤ ዕውቀቱ ለሰው የሚጠቅም መሆኑን በዓይኑ አይቷል። ያን ጊዜ ከግድግዳው ላይ ያለው ፎቶግራፍ መውቀሱን ይተዋል። አባትየው የሸጠው በሬ፣ እናትየው የጠመቀችው ጠላ በከንቱ እንዳልቀረ አንዲት ማንበብ የማይችሉ እናት ምስክር ሆነውለታልና።