አጥንት የሚከፈልበት ውበት

በቅርቡ ስለ ባሌት ዳንሰኞች ጤና የተጻፈ አንድ የሕክምና ጽሑፍ ወደ አማርኛ እንድመልስ ተሰጥቶኝ ነበር። ገና በመጀመሪያው ገጽ ላይ አንድ ቃል አቆመኝ። የባሌት ዳንሰኛ ሁለቱን እግሮቹን ከዳሌው ጀምሮ ወደ ውጭ አዙሮ፣ ተረከዝ ከተረከዝ ገጥሞ፣ የጣቶቹን ጫፍ አንዱን ወደ ግራ ሌላውን ወደ ቀኝ አቅንቶ እንዲቆም ይፈለጋል። ለዚህ አቋቋም የአማርኛ ስም አላገኘሁለትም። እስክስታችን ትከሻንና አንገትን ያዝዛል እንጂ እግርን ከተፈጥሮው አቅጣጫ አያስወጣምና፣ ቃሉ ያልተፈጠረው ነገሩ ስላልነበረን ይሆናል። (ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም፤ የጉራጌን ጭፈራ አንድ ምሽት ሙሉ የጨፈረ ሰው ስለ ጉልበቱ ብዙ የሚነግረን አለው።)

የጭን አጥንት ራስ እንደ ኳስ ክብ ሆኖ በዳሌ አጥንት ጎድጓዳ ውስጥ ይሽከረከራል። የጎድጓዳው ዙሪያም ከንፈር በሚመስል ልም ጠርዝ የታጠረ ነው። አንድ ሰው እግሩን ምን ያህል ወደ ውጭ ሊያዞር እንደሚችል የሚወስነው በአብዛኛው የጭኑ አጥንት አንገት የተተከለበት አቅጣጫና የጎድጓዳው ጥልቀት ሲሆን፣ ይህም በልጅነት የሚጸና እንጂ ካደጉ በኋላ በልምምድ ብዛት የሚለወጥ አይደለም። ባሌት ግን ከሁለቱ እግሮች በድምሩ 180 ዲግሪ ይጠይቃል። ዳሌው ያልሰጠውን ዳንሰኛው ከጉልበቱና ከቁርጭምጭሚቱ ይበደራል። ጄኔቫ ውስጥ በሙያተኛ ሴት ዳንሰኞች ላይ የተደረገ ጥናት፣ እግሮቻቸውን ግራና ቀኝ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጉ የጭን አጥንቱ ራስ ከቦታው በአማካይ 2 ሚሊ ሜትር ያህል እንደሚንሸራተት አሳይቷል። የሁለት ጤፍ ያህል መንገድ ነው። ነገር ግን በየቀኑ፣ ለዓመታት ሲደጋገም ያ ልም ጠርዝ ይሰነጠቃል። ይበልጥ የሚገርመው፣ የተመረመሩት ሴቶች የአጥንት ቅርጽ በአብዛኛው ጤነኛ መሆኑ ነው። ጉዳቱ የመጣው ከእንቅስቃሴው ነው ማለት ነው።

ለመሆኑ እንዲህ ባለ ዋጋ የተገዛን ውበት ተቀምጦ ማጨብጨብ ይገባልን?

ተሸካሚውም ወገቡን፣ ሸማኔውም ዓይኑን ይከፍላል፤ በእነርሱ ድካም ያልኖረ ማን አለ? የሚል መልስ ይሰጠኛል። እውነት ነው። ይሁን እንጂ ጤፍ የተሸከመ ሰው ቢያቃስት እህሉ አይረክስም፤ ማቃሰቱ የሥራው ጉድለት አይባልም። ባሌሪና ግን ሕመሟ ከታየ ሥራዋ ፈረሰ። የምንከፍላት ለመዝለሏ ብቻ ሳይሆን፣ መዝለሉ ምንም ያላስከፈላት መስላ እንድትታየን ጭምር ነው። ተመልካቹ ሳያውቅ የሚገዛው ይህን ዝምታ ነው፤ ከተጠያቂነት የማያመልጠውም በዚህ ይመስለኛል።

ፈቃድስ? የምኖርበት የሐርጌሳ ሰፈር መሐመድ ሞጌ ይባላል። ሰፈሩ የተሰየመው ዝነኛ ድምፃዊ ሆኖ ሳለ የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄን ተቀላቅሎ በትግሉ ሕይወቱን ባጣ ሰው ስም ነው። የፖለቲካውን ፍርድ ለሌሎች ልተወውና፣ ያ ሰው ምን እንደሚሰጥ የሚያውቅ አዋቂ ነበር። በስምንትና በዘጠኝ ዓመቷ ለመምህር የምትሰጥ ልጅ ግን በአርባ ዓመቷ ደረጃ ስትወጣ ዳሌዋ ምን እንደሚላት አታውቅም። የምትፈቅድላት እናቷ ናት፤ የሚታመመው ግን የእናቷ አጥንት አይደለም።

ሱዛን ፋሬል ይህን ሁሉ ክርክሬን ታውክብኛለች። የጆርጅ ባላንሺን ታላቅ ዳንሰኛ የነበረችው ይህች አሜሪካዊት በ1987 እ.ኤ.አ. ዳሌዋ በሰው ሠራሽ ተተካላት። በዓመቱ ወደ መድረክ ተመለሰች፤ የተሰናበተችውም በ1989 ነው። ያኔ ልጅ አልነበረችም። ዋጋውን ከፍላ፣ ደረሰኙን በአካሏ ተሸክማ፣ እንደገና መረጠችው። እርስዋን «ተበድለሻል» ማለት እኔን ያሳፍረኛል። እንግዲህ ፈቃድ ዘግይቶም ሊመጣ ይችላል ማለት ነው? ምናልባት። ግን ስለ እርስዋ የምንሰማው ስለተመለሰች ነው፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ አንክሳ የቀረችውን ማን ጻፈላት?

ሌላም መንገድ እንዳለ ያየነው በአገራችን ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ሮይስተን ማልዱም በአዲስ አበባ የጎዳና ልጆችን ሰብስቦ ዳንስ አስተማረ፤ ከዚያም የአዱኛ የዳንስ ቲያትር ተወለደ። ከአዱኛ ጋር በኋላ አካል ጉዳተኞችም ጨፍረዋል። የማይታጠፍ ጉልበት ያለው ሰው መድረክ ላይ ሲወጣ ጥበቡ የሚጀምረው ካለው አካል ነው፤ ከሌለው 180 ዲግሪ አይደለም። በሶማሌው ዳንቶም የግመል አካሄድ ሲመሰል፣ ሰርግ ቤት ውስጥ ሽማግሌውም እንደ አቅሙ ይገባበታል፤ ሲደክመው ይወጣል፤ ማንም አይቆጥረውም። ይህ ማለት ግን ባሌት ይቅር ማለቴ አይደለም። አይቼ ያለቀስኩበትን ነገር ይቅር ብል እዋሻለሁ።

ቃሉን በተመለከተ፣ «ማዞር» እና «መጠምዘዝ» በሚሉት መካከል ሁለት ቀን ቆየሁ። የመጀመሪያው መምህሩ የሚለው ነው፤ ሁለተኛውን ሐኪሙ ሳይለው አይቀርም። ረቂቁን «ማዞር» ብዬ ላክሁ፤ ጉዳቱ በሚተነተንበት ምዕራፍ ግን «መጠምዘዝ» አደረግሁት። አርታኢው ሁለቱ አንድ ነገር መሆናቸውን ጠየቀኝ። አዎ፣ አልኩት።